ትርፍና አደጋን በጨዋታ ስለ መመዘን
(በትምህርት ቤታችን የበዓል ቀን የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንድናገርበት የመረጥሁት ነገር ለአንዳንድ ታላላቆቻችን ተራ መስሎ ሳይታያቸው አይቀርም። ነገር ግን ከነቀምቴ ወጣቶች ብዙዎቹ ምሽታቸውን የሚያሳልፉበት ስለ ሆነ ሊመረመር ይገባዋል። እርሱም በስልክ የሚደረገው የውድድር ጨዋታ፥ ይልቁንም ፐብጂ የሚባለው ነው።

ለማያውቁት ባጭሩ ልግለጥ። ጨዋታው ለስልክ የወጣው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። አንድ መቶ ያህል ተጫዋቾች ከአውሮፕላን በጃንጥላ ወደ አንድ ደሴት ይወርዳሉ፤ መሣሪያ ከየቤቱ ይለቅማሉ፤ የተፈቀደው ክልል እየጠበበ ሲሄድም ይዋጋሉ፤ መጨረሻ የቀረው ያሸንፋል። መሣሪያ የሚበዛው ሕንፃ በበዛበት ሰፈር ስለ ሆነ ወደዚያ የሚወርደውም ብዙ ነው። እንግዲህ መሬት ሳይረግጡ መወሰን ግድ ይሆናል።

እንዲህ ያለው ውሳኔ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። አባቶቻችን የሚጫወቱት ሰንጠረዥ ሲጀመር ተራ አልነበረውም፤ ከሁለቱ አንዱ የሌላውን ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም በአንድ ጊዜ እንደ ፈቀዱ ያንቀሳቅሱ ነበር፤ ይህም ወረራ ይባል ነበር። የሚቸኵል መልካም ቦታ ይይዛል፤ ግን አሰላለፉን ለባላጋራው ይገልጣል። በፍጻሜውም በፈረስ መርታት ዝቅ ያለ፥ በትንሹ እግረኛ በመደቅ መርታት ግን ታላቅ ክብር ነበር። ክብሩን የፈለገ ሰው በቀላሉ የሚያሸንፍበትን መንገድ ትቶ ዕድሉን ለአደጋ ያጋልጣል። ደግሞም የባላጋራውን ሠራዊት ፈጽሞ የጨረሰ ሰው ብቻውን የቀረውን ንጉሥ መርታት አይችልም ነበርና፥ ስስት ድሉን ያሳጣው ነበር። ይህ ደንብ እጅግ ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። በአንድ ሰፈር ወርዶ የሚተርፍ 20 ነጥብ ያገኛል፥ ቶሎ የሚሞት 30 ያጣል እንበል። ከ10 ጨዋታ 5 ጊዜ የተረፈ ሰው 100 አግኝቶ 150 ያጣል፤ 50 ከሰረ ማለት ነው። ኪሳራ እንዳይደርስበት ብቻ 6 ጊዜ መትረፍ አለበት። ብዙዎቻችን ግን የምናስታውሰው ያሸነፍንባቸውን 5ቱን ነው።

ሒሳቡም ለሁሉ አንድ አይደለም። በዝቅተኛ ማዕርግ ያለ ተጫዋች ቶሎ ቢሞት የሚያጣው ጥቂት ስለ ሆነ ቢደፍር ይማርበታል፤ ከፍተኛ ማዕርግ ላይ የደረሰ ግን በዚያው ሰፈር ብዙ ያጣል። አራት ሆነው በቡድን ሲጫወቱ ደግሞ የአንዱ ድፍረት የሦስቱ ዕዳ ነው፤ ስለዚህ ሳይመክሩ ብቻ መሮጥ እኔ ጀግንነት አልለውም።

ለእኛ ሌላም ነገር አለ። የጨዋታው ማእከላዊ ማሽኖች ከአገራችን ውጭ ናቸውና ትእዛዛችን ዘግይቶ ይደርሳል፤ መብራትም በመካከል ይጠፋል። በቅርብ ርቀት በሚደረግ ውጊያ ግማሽ ሴኮንድ ብዙ ነው። ስለዚህ ኔትወርኩ ሲደክም በሩቅ ሆኖ መዋጋት የፍርሃት ምልክት አይደለም፤ ያው ሰፈር ለእኛ ዋጋው ከፍ ስለሚል ነው።

እስከ መጨረሻው ተሸሽጎ የሚቈየውስ? እርሱም አላተረፈም። ክልሉ እየጠበበ ከተሸሸገበት ያስወጣዋል፤ ያን ጊዜም በእጁ ደካማ መሣሪያ ይዞ፥ አስቀድመው ደፍረው የታጠቁትን ይገጥማል።