የሰሞነኛው ካህን ጥማድ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን ሆይ! በኮልፌና በቀራንዮ በየቤታችሁ ሆናችሁ ይህን ቃል የምትሰሙ ሁሉ፥ ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ከገጠር የመጣችሁ ስለ ሆናችሁ፥ ዛሬ የምናገረው እንግዳ ነገር አይደለም። በቀራንዮ መድኃኔ ዓለም አስቀድሳችሁ ስትወጡ፥ የቀደሰው ካህን በማግሥቱ ሞፈርና ቀንበር ተሸክሞ ወደ እርሻ ይወርዳል ብላችሁ አታስቡም። በተወለዳችሁበት አጥቢያ ግን ነገሩ እንዲህ ነበረ፤ ዛሬም በብዙ ስፍራ እንዲሁ ነው።

እንደምታውቁት፥ ለቅዳሴ ቢያንስ አምስት ልዑካን ያስፈልጋሉ፤ ይኸውም ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት ናቸው። አንዱ ቢጎድል ቅዳሴው ይታጐላል። ስለዚህ ካህናቱ በየሰሞኑ ይፈራረቃሉ። ሰሞነኛው ከትዳሩ ተለይቶ በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ያድራል፤ እህል ውሃ ሳይቀምስ ይቀድሳል። ተራው ግን የእርሻን ወቅት አይቶ አይመጣም። በሐምሌ፥ መሬቱ ርሶ ጤፍ በሚዘራበት ጊዜ ቢደርስበት፥ በሬዎቹ ሥራ ፈትተው ይቆማሉ፤ ዝናቡም ስለ እርሱ ብሎ አይዘገይም። ሚስቱ ሰማዩን እያየች፥ ዘሩን በቁና ሰፍራ አስቀምጣ ትጠብቃለች። ያን ጊዜ ጎረቤት ይጠየቃል። በወንፈል የሆነ እንደ ሆነ፥ ካህኑ ሰሞኑን ሲጨርስ በጉልበቱ ብድሩን ይመልሳል። ደጋግ ምእመናን ባሉበት አጥቢያ ግን የንስሐ ልጆቹ በደቦ ወጥተው ማሳውን በአንድ ቀን ያርሱለታል።

ይህ የእኛ አገር ነገር ብቻ አይደለም። አባቶቻችን መስኮብ ይሉት በነበረው በሩስያ አገር፥ ኢቫን ፖሶሽኮቭ የሚባል ከገበሬ ወገን የተወለደ ሰው፥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1724 ዓ.ም. ስለ ድህነትና ስለ ሀብት መጽሐፍ ጽፎ ነበር። በዚያም የገጠሩ ካህን እንደ ገበሬ በእርሻ ስለሚደክም አገልግሎቱ እንደሚጓደል አመልክቶ፥ ምእመናን ከእህላቸው ከፍለው እንዲረዱት መከረ። ምክሩ መልካም ነው። እኔ ግን የካህንን ማረስ እንደ ውርደት አላየውም፤ ሐዋርያው ጳውሎስም ድንኳን ሰፊ ነበረ። የሚያሳዝነው ካህኑ በሰሞኑ ጊዜ ረዳት ሲያጣ ነው።

በቀድሞው ዘመን ካህኑ ስለ አገልግሎቱ የሚይዘው መሬት ነበረው። (እውነቱን እንናገር ካልን፥ በቤተ ክርስቲያን መሬት ላይ ላቡን የሚያፈስ ጭሰኛም ነበረ፤ ይህን መሸሸግ አይገባም።) የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ በዐዋጅ የሕዝብ ሀብት ሲሆን ያ ሥርዐት አበቃ። ካህኑም እንደ ማንኛውም ገበሬ ማሳ ተሰጠው፤ የሰሞኑ ግዴታ ግን አልተቀነሰለትም።

ወጣቱ ዲያቆን ለትምህርትና ለሥራ ወደዚህ ከተማ በመጣ ጊዜ፥ በዚያ አምስተኛው ሰው ይጎድላል። ይህን እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ፤ ከመካከላችሁም ያ ዲያቆን የነበረ ይኖራል።

እንግዲህ ለንግሥ በዓል ወደ አገራችሁ ስትወርዱ ጧፍና ዕጣን፥ ያማረም ጃንጥላ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። ይህ ስለ እግዚአብሔር ፍቅር የምታደርጉት ነው፤ አትተዉት። ነገር ግን ጃንጥላውን ካስረከባችሁ በኋላ ቄሰ ገበዙን ለብቻ ጥሩና፥ የሐምሌው ሰሞን የማን እንደ ሆነ፥ ማሳውንም ማን እንደሚያርስለት ጠይቁት። በሬ የሌለው ካህን ካለም ስሙን ይነግራችኋል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።