«እትዬ፣ እኔም የገዛሁት በዚሁ ነው»

 

ልጆቼ፣ በምረቃችሁ ቀን ተናገር የተባልኩት ስለ ቁጥጥር ሥርዓት ማሻሻያ፣ ስለ ንግድ ውድድርና ስለ ዓለም አቀፍ ትብብር ነው። ከባድ ርእስ ነው። እኔ የማውቀው በዶሮ በኩል ስለሆነ በዶሮ ልግባ።

በ1987 ዓ.ም. አክስቴ ደብረ ዘይት ላይ 200 ያህል የእንቁላል ዶሮ ነበራት። በቆሎውን፣ ፉርሽካውን፣ የኑግ ፋጉሎውን ራሷ ታቀላቅላለች። ከዚያ ላይ ጭብጥ የማይሞላ የቫይታሚን ዱቄት ይነሰነሳል። እሱ ከጎደለ የእንቁላሉ ቅርፊት ሳስቶ፣ ገና ከጎጆው ሲነሳ በጣት ስር ይሰረጉዳል። ዱቄቱን ለመግዛት አዲስ አበባ ስትመጣ ዘንቢል የምሸከመው እኔ ነበርኩ። በመጣን ቁጥር ዋጋው ጨምሮ ይጠብቀናል። አክስቴ ባለ ሱቁን «አንተ ልጅ፣ እግዜርን አትፈራም?» ትለዋለች። እሱም አንገቱን ደፍቶ «እትዬ፣ እኔም የገዛሁት በዚሁ ነው» ይላል። ተቆጥታ ወደ ሁለተኛው ሱቅ፣ ከዚያም ወደ ሦስተኛው እንሄዳለን። ያው ዋጋ። አውቶቡስ ላይ ስንመለስ ፍርዷን ሰጠች፦ «ተማክረዋል!»

ልክ ነበረች። የሳተችው የተማከሩትን ሰዎች ብቻ ነው።

በግንቦት 1991 ዓ.ም. የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ጉዱን አፈነዳው። ከዓለም ትልልቆቹ የቫይታሚን አምራቾች፣ የስዊሱ ሆፍማን ላ ሮሽና የጀርመኑ ባስፍ ከሌሎች ጋር ተስማምተው፣ አሥር ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ገበያውን ተከፋፍለውት ኖረዋል። እንደ መሥሪያ ቤት በየዓመቱ በጀት ይዘው ይቀመጣሉ፤ ማን፣ በየትኛው አህጉር፣ ስንት ቶን፣ በስንት እንደሚሸጥ ይደለድላሉ። ላ ሮሽ 500 ሚሊዮን፣ ባስፍ 225 ሚሊዮን ዶላር ተቀጡ። እ.ኤ.አ. በ2001 የአውሮፓ ኮሚሽን በስምንት ኩባንያዎች ላይ 855 ሚሊዮን ዩሮ ጣለ። በዚያው ዘመን ላይሲን የሚባለውን የመኖ ግብዓት የሚሸጡት ደግሞ ሲማከሩ በስውር ተቀረጹ። ከተቀረጸው ውስጥ ተወዳዳሪያችን ወዳጃችን፣ ደንበኛችን ጠላታችን የሚል ነገር ይሰማል። ጠላት የተባለችው እንግዲህ አክስቴ መሆኗ ነው፤ ዘንቢል ይዛ።

ያ ሁሉ ቅጣት የገባው የዋሽንግተንና የብራስልስ ካዝና ውስጥ ነው። ከኢኳዶር፣ ከፓናማ፣ ከዩክሬንና ከአውስትራሊያ የመጡ የቫይታሚን ነጋዴዎች አሜሪካ ፍርድ ቤት ቢከሱ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2004 ውጭ አገር የደረሰ፣ ከአሜሪካው ገበያ ጉዳት ተነጥሎ የሚቆም ጉዳት በአሜሪካ የውድድር ሕግ አይዳኝም አላቸው። በየአገራችሁ ጠይቁ እንደ ማለት ነው። እኛ ደግሞ ራሱን የቻለ የንግድ ውድድር አዋጅ ያወጣነው በ1995 ዓ.ም. ነው፤ አዋጅ ቁጥር 329። ያኔ የአክስቴ ዶሮዎች ካለቁ ቆይተዋል።

አሁን የራሴን ኃጢአት ልናገር። ንግድ ቁጥጥር ላይ ስሠራ፣ ዋጋ ሲንር የምናውቀው መድኃኒት ማሸግ ነበር። አንድ ቀን አንድ ዘይት ሻጭ ደረሰኙን ባንኮኒው ላይ ዘርግቶ «ጌታዬ፣ እኔም የገዛሁት በዚሁ ነው» አለኝ። ቃሉን የት እንደ ሰማሁት እንኳ አልመጣልኝም። ደረሰኙን ሳላነብ ማሸጊያ ወረቀቱን ቁልፉ ላይ ለጠፍኩ። ማታ ቤት ስገባ ኮላው ጣቴ ላይ ደርቆ ነበር፤ ያኔ አክስቴ ትዝ አለችኝ።

ሱቅ ማሸግ ለቴሌቪዥን ይመቻል። ደረሰኙን ይዞ ወደ ላይ መውጣት ግን ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ከጅምላ ሻጩ ወደ አስመጪው፣ ከአስመጪው ወደ ፋብሪካው። መሃል መንገድ ላይ አስመጪዎቹ ሦስት ብቻ ሆነው ካገኛችኋቸው፣ ለምን ሦስት ብቻ ሆኑ ብላችሁ ጠይቁ። ፈቃዱ በስንት ፊርማ ነው የሚወጣው? ሦስት ሰው በአንድ ማኪያቶ ይስማማል። ሠላሳ ሰው ለመስማማት አዳራሽ መከራየት አለበት። የመሥሪያ ቤታችን መመሪያ ለእነዚያ ሦስቱ አጥር ሆኖ ከተገኘ፣ ተባባሪዎቹ እኛ ነን። እንዲህ ራስን ለመጠየቅ የሚረዳ ነገር አለ፤ የእስያ ፓስፊክ አገሮች ኦኢሲዲ ከሚባለው የበለጸጉ አገሮች ድርጅት ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጡት ሰነድ የቁጥጥር ማሻሻያን፣ ውድድርንና የገበያ ክፍትነትን አንድ ላይ አስሮ ያያል። የያዘው ጥያቄ ብቻ ነው፤ መንግሥታት ራሳቸውን የሚጠይቁት።

መንገዱ ከድንበር ካለፈ ደግሞ ስልክ አንሡ። ኮሜሳ የሚባለው የምሥራቅና የደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ የውድድር ኮሚሽን ሊሎንግዌ፣ ማላዊ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ሥራ ላይ ነው፤ እኛም አባል ነን። እናንተ ለሰላምታ ዱባይ ድረስ በቪዲዮ ስትደውሉ ታመሻላችሁ፤ ቢሮ ስትገቡ ግን ደብዳቤ ተረቅቆ፣ ተፈርሞ፣ ማህተም አርፎበት ካልሆነ ጎረቤት አገር ያለውን ባልደረባችሁን «ሰላም ነው?» አትሉም። ተዉ! ትብብር የሚባለው አብዛኛው ሥራ እሱ የያዘውን ፋይል እናንተ፣ የእናንተን እሱ ማወቁ ነው።

ግቢ ያላችሁ ደግሞ አምስት ዶሮ አርቡ። አትሳቁ፤ የምሬን ነው። መኖ ገዝቶ የማያውቅ ሰው ዋጋ ሲቆጣጠር እፈራለሁ።

አክስቴ ከማረፏ በፊት ነገሩን ሁሉ ተርኬላት ነበር፤ ስዊሱን፣ ጀርመኑን፣ በጀቱን። ጸጥ ብላ ሰማችኝና «ታዲያ ያ ልጅ ያኔውኑ ለምን አልነገረኝም?» አለች።

እሱም አያውቅማ፣ አክስቴ። የሚነግረው መሥሪያ ቤት አልነበረም።

ዛሬ ግን አለ፤ ከእናንተም አንዳንዶቻችሁ በመጪው ወር እዚያ ትቀመጣላችሁ። በሉ፣ እናቶቻችሁ አበባ ይዘው ፀሐይ ላይ ቆመዋል። ሂዱና ፎቶ ተነሡ።