የኤንጋዲን ሸለቆ ሰዎችና ቋንቋቸው

ዛሬ ራቅ ወዳለ አገር እንሂድ።

አገሩ ስዊዘርላንድ ነው። በምሥራቅ በኩል፣ በአልፕስ ተራሮች መካከል፣ ኤንጋዲን የሚባል ሸለቆ አለ። የኢን ወንዝ ይፈስበታል። የብርዱ ወራት ረጅም ነው። ስለዚህ የቤቱ ግድግዳ ወፍራም ድንጋይ፣ መስኮቱም ትንሽ ነው። የድሮው ገበሬ ሰውንም፣ ከብትንም፣ ድርቆሽንም በአንድ ጣራ ሥር ያኖር ነበር።

በማርች 1 ቀን ልጆች የከብት ቃጭል አንግተው መንደሩን ይዞራሉ። ብርዱን ማባረራቸው ነው! በዓሉ ቻላንዳማርዝ ይባላል።

ቋንቋቸው ሮማንሽ ነው፤ ከላቲን የተወለደ። ተናጋሪው ከ100,000 ሰው በታች ነው። ጎረቤቱ ጀርመንኛ ደግሞ ትልቅ ነው። ታዲያ እንዴት ሳይጠፋ ቆየ? አንዱ ምክንያት ስለ ተጻፈ ነዋ! በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1560 ሐዲስ ኪዳን በዚሁ ሸለቆ አነጋገር ታተመ። በ1938 ደግሞ የስዊዘርላንድ ሕዝብ ድምፅ ሰጥቶ ሮማንሽን አራተኛ ብሔራዊ ቋንቋ አደረገው። ሕዝብ ስል ወንዶቹን ነው፤ ሴቶች ያን ጊዜ ድምፅ አይሰጡም ነበር።

አንድ ችግር ግን አለ። የሮማንሽ አነጋገር በየሸለቆው ይለያያል፤ አጻጻፉም 5 ዓይነት ነው። በ1982 ለሁሉም የሚሆን አንድ የጋራ አጻጻፍ ወጣ። ለአንድ መጽሐፍ 5 ጊዜ ከመድከም ያድናል፣ አይደል? ነገር ግን በትምህርት ቤት ሲጀመር ብዙ ወላጆች ተቃወሙ። ልጃችን እቤት በምንናገረው ይማር አሉ። ብዙ መንደሮችም ወደ ቀድሞ አጻጻፋቸው ተመለሱ። እኔ እንደ አስተማሪ ሳየው፣ ወላጆቹ እውነት አላቸው። እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ጀማሪ አንባቢ ፊደሉ ቶሎ የሚገባው አፉ የለመደውን ቃል ሲያገኝ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ግን በጋራው አጻጻፍ እስከ ዛሬ ይሠሩበታል።