ቀንን ወደ ኋላ መቍጠር
በውጭ አገር ለልዩ ሕክምና ሥልጠና ስለሚቀርብ ማመልከቻ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ስለ በሽታ ወይም ስለ መድኃኒት ሳይሆን ስለ ወረቀትና ስለ ቀን ነው። ለዚህ ጉባኤ ያንሳል የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። ሆኖም በአሜሪካ አገር ሬዚደንሲ ለሚባለው የልዩ ሕክምና ሥልጠና ከሚያመለክቱት ወጣት ባልደረቦቻችን መካከል፣ ፈተናውን በሚገባ አልፈው ሳለ አንድ ደብዳቤ ስለ ዘገየ ወይም በስማቸው ላይ አንድ ፊደል ስለ ተለወጠ የሚሰናከሉ አሉ። ዋናው ድልድል በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚካሄድ በመሆኑ፣ የጥቂት ሳምንታት መዘግየት የሙሉ ዓመት መዘግየት ሊሆን ይችላል።

የምናገረው ነገር በአጭሩ ይህ ነው። ጥናቱ በአመልካቹ እጅ ነው፤ ወረቀቱ ግን በአብዛኛው በሌላ ሰው እጅ ነው። ስለዚህ ዕቅድ የሚያወጣ ሰው ቀኑን ከመጨረሻው ጀምሮ ወደ ኋላ መቍጠር፣ ወረቀቶቹንም በማን እጅ እንዳሉ እያየ መደርደር ይገባዋል።

በመጀመሪያ የዓመቱን ዙር እንመልከት። ሥልጠናው በአብዛኛው የሚጀምረው ጁላይ 1 ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 24 ቀን ነው። ከዚያ ወደ ኋላ ስንመለስ የድልድሉን ውጤት በመጋቢት እናገኘዋለን። በማርች ሦስተኛው ሳምንት አመልካቹ ሰኞ ዕለት መመደቡን ወይም አለመመደቡን፣ ዓርብ ዕለት ደግሞ የት እንደ ተመደበ ያውቃል። አመልካቾችና ሆስፒታሎች የሚመራረጡበት የቅደም ተከተል ዝርዝር የሚዘጋው በእኛ የካቲት ውስጥ ነው። ቃለ መጠይቁ ከጥቅምት እስከ ጥር ይዘልቃል፤ ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ አብዛኛው በቪዲዮ ስለሚካሄድ የአውሮፕላን ወጪው ቀርቷል። በአብዛኞቹ የሙያ ዘርፎች ማመልከቻው የሚላከው ኢራስ በተባለው የኤሌክትሮኒክ ሥርዓት ነው። መላክ የሚቻለው ከሴፕቴምበር መግቢያ ጀምሮ ሲሆን፣ ሆስፒታሎቹ ፋይሉን ማየት የሚጀምሩት በዚያው ወር መጨረሻ፣ በእኛ የመስቀል በዓል ሰሞን ነው።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ከመስቀል በፊት ያሉት ወራት የእኛ ክረምት ናቸው። ከመምህራን ብዙዎቹ ዕረፍት የሚወጡት፣ ሬጅስትራሩም ተማሪ አሰናብቶ አዲስ ለመቀበል የሚዘጋጀው በዚያን ጊዜ ነው። ስለሆነም ወረቀቱን በነሐሴ መለመን የጀመረ አመልካች ዘግይቷል። የሌላ ሰው ፊርማ የሚያስፈልገው ሁሉ ከግንቦት በፊት መጠየቅ አለበት።

ስለ ፈተናዎቹ ብዙ አልናገርም። ስቴፕ ዋን ከጃንዋሪ 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚገለጸው «አልፏል» ወይም «አላለፈም» በማለት ብቻ ስለሆነ፣ የስቴፕ ቱ ሲኬ ቍጥር ክብደቱ ጨምሯል። ውጤቱ ብዙ ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ስለሚወስድ፣ በነሐሴ መጨረሻ የሚፈተን ሰው ማመልከቻው ሲከፈት ውጤቱ ላይደርስለት ይችላል። ከበሽተኛ ጋር የመነጋገር ችሎታን ይለካ የነበረው የተግባር ፈተና በ2021 እ.ኤ.አ. ስለ ተሰረዘ፣ የውጭ ምሩቃን በምትኩ ለሕክምና ባለሙያዎች የተዘጋጀውን የኦኢቲ የእንግሊዝኛ ፈተና ይወስዳሉ። በሌላ በኩል ለምስክር ወረቀቱ የሚያስፈልጉት የስቴፕ ፈተናዎች በሰባት ዓመት ክልል ውስጥ መጠናቀቅ ስላለባቸው፣ ያለ ዕቅድ ቀድሞ መፈተንም የራሱ ጉዳት አለው።

ወረቀቶቹን በሦስት እጅ ከፍለን እንያቸው።

1ኛ/ በትምህርት ቤቱ እጅ ያሉት። እነዚህ ዲፕሎማው፣ የውጤት ዝርዝሩና የዲን ደብዳቤ የሚባለው ናቸው። በ1956 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የውጭ አገር የሕክምና ምሩቃን ጉዳይ ኮሚሽን፣ ማለትም ኢሲኤፍኤምጂ፣ የአመልካቹን ቅጂ ብቻ አይቶ አያምንም፤ ሰነዱን ለትምህርት ቤቱ ልኮ እውነተኛ ስለ መሆኑ መልስ ይጠብቃል። ትምህርት ቤቱም በዓለም አቀፉ የሕክምና ትምህርት ቤቶች መዝገብ ውስጥ በኮሚሽኑ ተቀባይነት እንዳለው ተመልክቶ መገኘት አለበት። አመልካቹ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ይህን መልስ የሚፈርመው ማን እንደሆነ፣ ያ ሰው በሌለ ጊዜም ማን እንደሚተካው ነው።

2ኛ/ በመምህራን እጅ ያሉት። ለእያንዳንዱ ፕሮግራም እስከ አራት የድጋፍ ደብዳቤ ማያያዝ ይቻላል። ደብዳቤውን ወደ ሥርዓቱ የሚያስገባው ራሱ ጸሐፊው ነው። ስለዚህ በዚህ አዳራሽ ያላችሁ አንጋፋ መምህራን የአመልካቹ ዕቅድ አካል ናችሁ። ጊዜ የሌለው መምህር በመጀመሪያው ቀን «አልችልም» ቢል ተማሪው ሌላ ይፈልጋል። «እሺ» ብሎ ሁለት ወር የሚያቆይ ግን የእምቢታውን ያህል ይጎዳል፤ እንዲያውም ይብሳል።

3ኛ/ በመንግሥት እጅ ያሉት። ከሁሉ በፊት ፓስፖርት ነው፤ ምክንያቱም በፈተና ፈቃዱ ላይ ያለው ስም በመታወቂያው ላይ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት። የእኛ ስም ደግሞ የቤተሰብ ስም የለውም፤ የራስ፣ የአባትና የአያት ነው። «ፀሐይ» የሚለውን ስም በላቲን ፊደል አንዱ መዝገብ ቤት በቲ፣ ሌላው በኤስ ይጀምረዋል። «ገብረ ሥላሴ»ን አንዱ ያያይዛል፣ ሌላው ይለያያል። እኛ አንድ ሰው መሆኑን እናውቃለን፤ ባሕር ማዶ ያለው መርማሪ ግን ሁለት ሰው ያያል።

የልደት ቀንም እንደዚሁ ነው። ጥር 10 ቀን 1990 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በእነርሱ አቆጣጠር ጃንዋሪ 18 ቀን 1998 ነው፤ ልዩነቱ ስምንት ዓመት ሆነ። ጥቅምት 10 ቀን 1990 ዓ.ም. የተወለደው ግን ኦክቶበር 20 ቀን 1997 ስለሆነ ልዩነቱ ሰባት ነው። አንዱ ክፍል ሰባት፣ ሌላው ስምንት ደምሮ ሲጽፍ የአንድ ሰው ዕድሜ ሁለት ይሆናል። ይህን ማስተካከል ሌላው ሥራ ሁሉ ከመጀመሩ በፊት የሚፈጸም ተግባር ነው። «አስቀድሞ ነበር መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» እንዲሉ።

ከመንግሥት ወረቀቶች መካከል አንዱ ከሌሎቹ ይለያል። ጄ ዋን በተባለው ቪዛ የሚሄድ ሐኪም የአገሩ ጤና ሚኒስቴር የሚሰጠውን የፍላጎት መግለጫ ደብዳቤ ማቅረብ አለበት። ደብዳቤው አገሪቱ በዚያ ሙያ የሠለጠነ ሐኪም እንደሚያስፈልጋት፣ ሐኪሙም ሥልጠናውን ሲፈጽም ለመመለስ በጽሑፍ ማረጋገጫ እንደ ሰጠ ይናገራል። ሕጉም ከሥልጠናው በኋላ የሁለት ዓመት የአገር ቤት ቆይታ ይጠይቃል፤ ከዚህ ግዴታ ነጻ የሚያደርጉ መንገዶች ግን በሕጉ ውስጥ አሉ። ኤች ዋን ቢ በተባለው ቪዛ ለመሄድ ደግሞ ስቴፕ ስሪን አስቀድሞ ማለፍ ያስፈልጋል። የቪዛ ደንብ ከዓመት ዓመት ስለሚለዋወጥ የዓመቱን መመሪያ ከምንጩ ማንበብ የግድ ነው።

ይህን ደብዳቤ እንደ ተራ ማኅተም የሚያዩት አሉ። እኔ ግን ሐኪሙ ከመፈረሙ በፊት ቆም ብሎ ሊያነበው የሚገባ ብቸኛው ወረቀት እርሱ ይመስለኛል። ሌሎቹ ሁሉ ያደረገውን ይመሰክራሉ፤ ይህ ግን የሚያደርገውን ይናገራል። እመለሳለሁ የሚል ሰው ወዴት ሆስፒታል፣ በምን መሣሪያ፣ ከማን ጋር እንደሚሠራ ሳይሄድ ቢያስብበት ቃሉ መሠረት ይኖረዋል። ለመቅረት ያሰበም ቢሆን ምን እንደሚፈርም ዐውቆ ይፈርም።

በመጨረሻ ሁለት ነገር አሳስባለሁ። ለአመልካቾች፦ አንድ ደብተር ያዙ። በእያንዳንዱ መስመር ወረቀቱን፣ በማን እጅ እንዳለ፣ የተጠየቀበትን፣ የደረሰበትንና የሚያበቃበትን ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ። ለማኅበራችን፦ በየሕክምና ትምህርት ቤቱ ያሉ አባሎቻችን፣ ከውጭ ለሚመጣ የማረጋገጫ ጥያቄ በክረምትም ጭምር መልስ የሚሰጥ አንድ ሰው በስም እንዲመደብ ዲኖቻቸውን ቢጠይቁ ወጪው አነስተኛ ነው፤ የሚያድነው ግን የወጣት ሐኪም ዓመት ነው።