ከጉንዳን ኋላ የምትሄደው ወፍ

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ከቀረበ ንግግር)



ሴትን ማመስገን ሲፈለግ «እንደ ጉንዳን ታታሪ ናት» ይባላል። ቤተ ክርስቲያን የምትሄዱ፣ ሰነፍ ከጉንዳን እንዲማር የሚመክረውን የሰሎሞንን ምሳሌ ስትሰሙ አድጋችኋል። መስጊድ የምትሄዱ ደግሞ የቁርኣን 27ኛው ምዕራፍ ስሙ ራሱ «ጉንዳን» እንደሆነ ታውቃላችሁ።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ይህ ሁለተኛው ታሪክ ነው። የሰሎሞን ሠራዊት ወደ ጉንዳኖች ሸለቆ ሲደርስ አንዲት ጉንዳን ጓደኞቿን ታስጠነቅቃለች፤ ሳያውቁ እንዳይረግጧችሁ ወደ ቤታችሁ ግቡ ትላለች። ንጉሡም ሰምቶ ፈገግ ይላል። በዐረብኛው የጉንዳኗ ንግግር በሴት አንቀጽ ነው የተነገረው። ወዲያው ቀጥሎ ሁድሁድ የምትባለው ወፍ የሳባን ንግሥት፣ እኛ ማክዳ የምንላትን፣ ወሬ ይዛ ትመጣለች። ጉንዳን፣ ወፍ እና የእኛዋ ንግሥት በአንድ ምዕራፍ! ልብ በሉ፤ ይህች ጉንዳን እዚህ የምትታወሰው እህል ስለ ተሸከመች አይደለም። ማን እየመጣ እንደሆነ ቀና ብላ ስላየች ነው።

በተፈጥሮም ሠራተኞቹ ጉንዳኖች ሁሉም ሴቶች ናቸው። ወንዱ ክንፍ አውጥቶ ይበራል፣ ይዳራል፣ ብዙ ሳይቆይ ይሞታል። (ባሎቻችን ጋዜጣውን እንዳያነቡ!)

ገጠር ያደገች ሁሉ ገብረ ጉንዳንን ታውቃለች። ዐይን የለውም፤ በሽታ እየተመራ በሺህና በሚሊዮን ሆኖ ይተማል። ቤት ሲገባ ሰው ዶሮውን ይዞ ይወጣል፤ ሲሄድ በረሮም አይጥም አይገኝም። እንዲህ ዓይነቱ ሰልፍ በሚያልፍበት ደን፣ ለምሳሌ በኬንያው ካካሜጋ፣ ከጉንዳኑ ኋላ የሚሄዱ ወፎች አሉ። የሚበሉት በዋናነት ጉንዳኑን አይደለም። ጉንዳኑ ከቅጠል ሥር የሚያስወጣውን ፌንጣ፣ ሸረሪትና በረሮ፣ ሲሸሽ ከፊት ከፊቱ ይለቅሙታል።

ይህ ታዲያ ምን ችግር አለው? ከሚያርስ በሬ ኋላ የምትሄደውን ነጭ ወፍ አስቡ። ትል ብትለቅም በሬው ምን ይጎድልበታል? ምንም። የጉንዳኖቹም ነገር እንደዚሁ ነው ተብሎ ለረጅም ጊዜ ይታሰብ ነበር። በኋላ ግን ፓናማ ውስጥ ተመራማሪዎች ወፎቹን ከሰልፉ ከልክለው ጉንዳኖቹ ወደ ጎሬያቸው የሚያስገቡትን መዘኑ። በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመው ውጤት ወፎቹ በሌሉበት ጉንዳኖቹ የበለጠ እንደሚያገኙ አሳየ። ለካ ከድካማቸው ይቀነስ ነበር።

ሌላም ነገር አለ። የፓናማ ቦይ ሲሠራ ውሃ ከብቦ ደሴት ያደረገው ባሮ ኮሎራዶ የሚባል ደን አለ። እዚያ ጉንዳን በመከተል ብቻ የምትተዳደር አንዲት የወፍ ዝርያ ነበረች። ዛሬ በደሴቱ ላይ የለችም። ጉንዳኖቹ ግን አሁንም አሉ። ማን ማንን ይበልጥ እንደሚፈልግ ከዚህ መገመት ይቻላል።

እንግዶቻችን እንዳትቀየሙ፤ ስለ እናንተ አይደለም የማወራው። የማወራው ስለ በርበሬያችን ነው።

ከመካከላችን በርበሬና ሽሮ የሚያዘጋጁት ዛላውን በዱቤ ይወስዳሉ። አምጥተው ይቀነጥሳሉ፣ ያጥባሉ፣ ያሰጣሉ፣ ቅመሙን ያምሳሉ፣ ያስፈጫሉ። ዐይናቸው እየነደደ፣ እያስነጠሳቸው። የተፈጨውን መልሶ የሚረከባቸው ግን ብዙ ጊዜ ዛላውን ያበደራቸው ሰው ራሱ ነው። የሚገዙበትንም የሚሸጡበትንም ዋጋ የሚቆርጠው እርሱ ነው። እኔ ሰውዬውን ክፉ አልለውም፤ ወፏም ክፉ አይደለችም። ጥያቄው፣ እርሱ የበሬው ወፍ ነው ወይስ የጉንዳኗ? የሚለው ነው። ዱቤ መስጠቱ ጥቅም አለው፤ ገንዘብ በሌለን ወር ማን ያበድረናል? ስለዚህ በግምት አንፍረድ። እንደ ተመራማሪዎቹ እንመዝን።

ሐሳቤ ይህ ነው። አዲሱ የማረቆ በርበሬ ገበያ ሲወጣ፣ ከቁጠባችን አንድ ኩንታል በጋራ እንግዛ። አምስት ሴቶች ያዘጋጁት፤ ሌሎቹ እንደ ወትሮው በዱቤ ይሥሩ። የማጓጓዣው፣ የወፍጮው፣ የቅመሙ፣ የከሰሉ ወጪ ሁሉ ይጻፍ፤ የጉልበት ሰዓትም ጭምር፣ እርሱን ሁልጊዜ እንረሳዋለን። ለትንሣኤ ጾም ሽያጩ ሲያልቅ ሁለቱን ደብተሮች እዚሁ ጎን ለጎን ዘርግተን እናያለን። ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ ዱቤው ይቀጥል፤ ብዙ ከሆነ ከሰውዬው ጋር ተቀምጠን በዋጋ እንነጋገራለን።

አሁን አምስት ሴቶች፣ አንዲት ደግሞ ደብተር የምትይዝ፣ እጃችሁን አውጡልኝ።