ክኒን ሳይመጣ የቤተሰብ ቁጥር በምን ይወሰን ነበር?

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



መሐንዲስ ስለ ወሊድ ሊናገር መቆሙ ከመካከላችሁ አንዳንዱን ፈገግ ሳያሰኝ አይቀርም። ዳሩ ግን የከተማ ውሃ መስመር ሲነደፍ የመጀመሪያው አኀዝ የቧንቧው ስፋት ሳይሆን የሕዝቡ ብዛት ነው። ከሃያ ወይም ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ ስንት ሰው ከዚያ ውሃ እንደሚቀዳ ሳንገምት ቁፋሮ አንጀምርም። ይህን ግምት ስንሠራ ብዙዎቻችን የምንነሣው፣ የወሊድ መከላከያ ባልነበረበት ዘመን ሰው ተፈጥሮ የፈቀደችለትን ያህል ይወልድ ነበር፤ ቁጥሩን የሚቆርጠውም ሞት ብቻ ነበር ከሚል ሐሳብ ነው። ይህ ሐሳብ ልክ እንዳልሆነ ለማስረዳት እሞክራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለመሆኑ ተፈጥሮ የምትፈቅደው ምን ያህል ነው? ለዚህ መለኪያ ሆነው የሚጠቀሱት ሁተራይት የሚባሉት ክርስቲያን ገበሬዎች ናቸው። በ1870ዎቹ ከሩሲያ ተነሥተው ወደ ሰሜን አሜሪካ ተሻገሩ፤ ወሊድን መከላከል እንደ ኃጢአት የሚቆጠርባቸው፣ ንብረታቸውም የጋራ በመሆኑ የልጅ ማሳደጊያ ወጪ ወላጆችን ብቻ የማይጫናቸው ነበሩ። በ1880 443 የነበሩት ሰዎች በ1950 8,542 ሆነዋል። በዚያን ጊዜ የመውለጃ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ባለትዳር ሴቶች በአማካይ ከ10 የሚበልጡ ልጆች ወልደው ተገኙ። ከዚህ መጠን የደረሱ ሕዝቦች በታሪክ እጅግ ጥቂት ናቸው።

በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ አገር፣ በዴቨን፣ ኮሊተን የምትባል አጥቢያ አለች። የጥምቀት፣ የጋብቻና የቀብር መዝገቧ በደንብ ተጠብቆ በመቆየቱ፣ ሪግሊ የተባለው የታሪክ ሊቅ ቤተሰቦቿን አንድ በአንድ አገናኝቶ በ1966 ጥናቱን አሳተመ። በ1645 እና በ1646 የገባው ቸነፈር ከነዋሪው አንድ አምስተኛ ያህሉን ሳይጨርስ አልቀረም። ከዚያ በፊት ሴቶቹ በአማካይ በ27 ዓመታቸው ያገቡ ነበር። ከ1647 እስከ 1719 ባለው ጊዜ አማካዩ ወደ 30 ተጠጋ፤ ከ1770 በኋላ ደግሞ ወደ 25 ወረደ። ዐዋጅ የለም፤ መድኃኒት የለም፤ የልጆች ቁጥር ግን ከፍና ዝቅ ይል ነበር። በትዳር ውስጥም ሆን ብለው ይቆጠቡ ነበር ወይ የሚለው ክርክር እንደ ቀጠለ ነው። የጋብቻው ዕድሜ ብቻውን ግን ብዙ ያስረዳል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በሰሜን ምዕራብ አውሮፓ ወጣት ሙሽራውን ይዞ ከአባቱ ቤት አይገባም። ጎጆ መውጣት አለበት፤ ለጎጆውም ቤትና መተዳደሪያ ያስፈልጋል። ስለዚህ ወንዱም ሴቷም ብዙ ዓመት በሰው ቤት አገልጋይ ሆነው ደመወዝ ያጠራቅማሉ። ኑሮ ሲከብድ ጋብቻው ይዘገያል፤ ቆመው የሚቀሩም ይበዛሉ። ሃይናል የተባለው ሊቅ በ1965 ይህ ልማድ ከሴንት ፒተርስበርግ እስከ ትሪየስት ከሚሰመር መስመር በስተ ምዕራብ የሰፈነ መሆኑን አሳይቷል። ሒሳቡ ቀላል ነው። በየሁለት ዓመት ተኩል የምትወልድና በ40 ዓመቷ የምታቆም ሴት፣ በ16 ካገባች ወደ 10 ልጆች፣ በ26 ካገባች ግን ከ6 የማይበልጡ ትወልዳለች።

ጡት ማጥባት ደግሞ ሌላው መቆጣጠሪያ ነው። ሕፃኑ ቶሎ ቶሎ በጠባ ቁጥር የእናቱ ሰውነት እንቁላል ማውጣቱን ያዘገያል። በካላሃሪ በረሃ ስለሚኖሩት የኩንግ ሰዎች በ1980 የወጣ ጥናት፣ ሕፃናቱ በሰዓት ውስጥ ደጋግመው እንደሚጠቡና በሁለት ልጆች መካከል 44 ወር ያህል እንደሚያልፍ ገልጿል። በአንጻሩ ልጆቻቸውን ለተከፋይ አጥቢ ይሰጡ የነበሩት የአውሮፓ ባለጸጋ ሴቶች ቶሎ ቶሎ ያረግዙ ነበር። በአገራችን ገጠር ልጃገረድ በለጋነቷ ስትዳር ኖራለች፤ ልጁ ሁለት ዓመት ያህል ባይጠባ ኖሮ ቁጥራችን ወደ ሁተራይቶቹ በተጠጋ ነበር ብዬ እገምታለሁ።

በዘፍጥረት ምዕራፍ 38 የተጻፈው የአውናን ዘዴም አለ። በፈረንሳይ ወሊድ መቀነስ የጀመረው በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ሲሆን፣ ክኒኑ በአሜሪካ የተፈቀደው በ1960 ነው። በመካከሉ ያለውን ዘመን በአብዛኛው የሸፈነው ይኸው የባሎች ጥንቃቄ ነበር።

ይህን ስል የጥንቱን ዘመን ማወደሴ አይደለም። በጃፓን ገጠር የተወለደን ሕፃን ማጥፋት «ማቢኪ» ይባል ነበር፤ ቃሉ የበዛ ችግኝን ነቅሎ ማሳሳት ማለት ነው። በእኛም አገር ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 የቢልሃርዝያን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል የደረሱበት እንዶድ፣ ሴቶች ፅንስ ለማስወረድ በድብቅ ይጠጡት የነበረ መርዝ ነው። ቁጥሩ ልክ እንዲጠብቅ የከፈሉት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው፤ ዘመናዊው መድኃኒት ያቃለለው ትልቁ ሸክምም ይህ ይመስለኛል።

ጉዳዩ ከእኛ ሥራ የሚገናኘው በአዲስ አበባ ነው። በ2000 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በከተማዋ አንዲት ሴት በዕድሜዋ የምትወልደው በአማካይ 1.9 ልጅ ነበር፤ ይህም ወላጆችን ለመተካት አይበቃም። በአገር ደረጃ ግን ከ5 በላይ ነበር። ምክንያቱን የመረመሩ ሊቃውንት በ2003 ባወጡት ጽሑፍ ቀዳሚውን ድርሻ የሰጡት ለወሊድ መከላከያ ሳይሆን ለጋብቻ መዘግየት ነው፤ ከጀርባውም የሥራ ማጣትንና የቤት ውድነትን አይተዋል። የኮሊተን ወጣቶች ጎጆ ለመውጣት እንደ ጠበቁት ሁሉ የእኛዎቹም ይጠብቃሉ ማለት ነው።

እንግዲህ የቤቶችን ቁጥር በአማካይ የቤተሰብ ብዛት አባዝተን፣ በእድገት መጠን አሳድገን ዲዛይን ስናወጣ፣ ስድስት ሰዎች ያሉባቸውን ሁለት ቤቶች እኩል እንቆጥራለን። በአንዱ ቤት አራት ሕፃናት አሉ፤ ከዚያ ቤት ሌላ ጎጆ የሚወጣው ከሃያ ዓመት በኋላ ነው። በሁለተኛው አራት ያላገቡ ጎልማሶች አሉ፤ እኛው የምንሠራው አዲስ መንደር በተመረቀ ማግስት ሁለት ሦስት አዳዲስ የቆጣሪ ጥያቄዎች ከዚያ ቤት ይመጣሉ። በዳሰሳ ቅጻችን ላይ የነዋሪዎቹን ዕድሜና የጋብቻ ሁኔታ የሚጠይቁ ሁለት ዓምዶች ቢጨመሩ ወጪው የአንድ ገጽ ወረቀት ነው።