ከላይ ወደ ታች



ኮሚቴው «ስለ ሥራሽ ተናገሪ» ብሎኝ ነበር። እኔ ግን ስለ ሌጎ ነው የማወራው፤ ይቅርታ አድርጉልኝ። ሥራውም እዚያው ውስጥ አለ።

እንደምታውቁት ሶዶ የማህፀንና ጽንስ ሐኪም ነኝ። ቅዳሜና እሁድ ሲመቸኝ ልጄን ይዤ ገሱባ፣ እናቴ ቤት እሄዳለሁ። ባለፈው ክረምት ከመካከላችሁ አንዱ ከውጭ ሲመጣ ለልጄ አንድ ካርቶን ያገለገለ ሌጎ አመጣለት። እንግሊዝ አገር የደርሃም ካቴድራልን 300 ሺህ በሚሆኑ የሌጎ ጡቦች እንደሠሩት፣ ሰዉም ለአንዷ ጡብ አንድ ፓውንድ እየሰጠ እንዳስጨረሰው ነገርኩት። «እኛስ ላሊበላን ብንሠራ?» አለ። ቤተ ጊዮርጊስን መረጥን።

የሕንፃው ቁመት በግምት 12 ሜትር ነው፤ የአንድ ሌጎ ጡብ ደግሞ 9.6 ሚሊሜትር። በ1 ለ40 ሲሰላ 31 ረድፍ መጣ። ጣሪያው ላይ አንዱ በአንዱ ውስጥ ያሉት ሦስት መስቀሎች አላስቸገሩንም። ያስቸገሩን መስኮቶቹ ናቸው። የታችኞቹ ድፍን ናቸው፤ የላይኞቹ ክፍት ሆነው አናታቸው ሾጠጥ ይላል። ሾጣጣ ቁራጭ ስላልነበረን በደረጃ አጠጋጋነው። ቀዩና ቡናማው ለውጭው ግድግዳ ብቻ ነው የበቃው፤ ውስጡ ሰማያዊና አረንጓዴ ነው፣ አትንገሩብን። ዘጠነኛው ረድፍ ላይ ስንደርስ መስኮቶቹ ተዛንፈው አገኘናቸው። ልጄ ስድስት ረድፍ ነቅሎ እንደገና ጀመረ። እየነቀለ ያፏጫል!

እኔ ግን ዝም አልኩ። እውነተኛው ቤተ ጊዮርጊስ ከአለት፣ ከላይ ወደ ታች ነው የተፈለፈለው። ጠራቢው መስኮቱን ከሳተ መልሶ የሚተክለው ድንጋይ የለውም።

በዚያው ሳምንት አንዲት የ22 ዓመት እናት ከወለደች በኋላ ደሟ አልቆም አለ። ኦክሲቶሲን ሰጠን፣ ማህፀኗን አሸን፣ ከፍቼ ሰፋሁ። በእጃችን የነበረው ደም ሁለት ከረጢት ብቻ ነው። በመጨረሻ ማህፀኗን አወጣሁት። ተረፈች። ስትነቃ የነገርኳት እኔ ነኝ። «ሁለተኛ አልወልድም ማለት ነው?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። ከዚያ በኋላ የምለው ጠፋኝ፤ ካርዷን እያገላበጥኩ ቆምኩ።

በውሳኔዬ አልጸጸትም። ግን 10 ደቂቃ ብጠብቅስ ኖሮ የሚለው ሐሳብ ገሱባ ድረስ ተከትሎኝ መጣ። ልጄ ጡብ ሲነቅል እጁን ቀናሁበት፣ እውነቴን ነው።

መምህሮቻችን፣ መቼ እንደሚቆረጥ፣ እንዴት እንደሚቆረጥ በደንብ አስተምራችሁናል። ከቆረጡ በኋላ አልጋው አጠገብ ቁጭ ብሎ ምን እንደሚባል የተማርንበት ክፍለ ጊዜ ግን ትዝ አይለኝም። አሁን ካለ ደስ ይለኛል። ከሌለ፣ ለልጆቹ ጨምሩላቸው። መጥቼ ላስተምር ብትሉኝ እመጣለሁ፤ ያቺን ሌሊትም እነግራቸዋለሁ።

ሌጎው አልቋል። ዙሪያውን ጉድጓድ ካላደረግንለት ቤተ ጊዮርጊስ አይመስልም ብለን ጉድጓዱን ከካርቶኑ ሠራነው። እናቴ አየችና «ጉድጓዱ ለቆጮ ነው?» አለች። አሁን ቁም ሣጥኗ ላይ ተቀምጧል። አንዱ ማዕዘን ላይ አራት ጡብ ይጎድለዋል፤ ከውጭ የምትመጡ፣ ቡናማ ካገኛችሁ አደራ።